የሚበላ ቡናና የሚጠጣ ቡና፦ ስለ አነቃቂ ዕፅዋት የቆዩ የምግብ ስሞች

በአማርኛ «ቡና» የዛፉ ስም ነው፤ የፍሬውም ስም ነው፤ የተቆላውና የተወቀጠው ዱቄት፣ ከጀበና ወደ ሲኒ የሚቀዳው መጠጥ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚቀመጥበት ወግም በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራሉ። «ነይ ቡና ጠጪ» ብላ ጎረቤቷን የምትጠራ ሴት ከመጠጡ ይልቅ ጨዋታውን ማለቷ እንደ ሆነ የሚስተው አማርኛ ተናጋሪ የለም። አንድ ቃል ይህን ያህል ሸክም ሲሸከም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፍቺዎቹን በተራ ዘርዝሮ ያስቀምጣል፤ ሥራውንም የጨረሰ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከዝርዝሩ በቀላሉ የሚያመልጥ አንድ ፍቺ አለ፤ እርሱም ቡና በምጣድና በድስት ተሠርቶ እንደ ምግብ የሚቀርብ፣ የሚበላ ነገር መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ፍቺና ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ስሞች ነው። ጉዳዩ የወጥ ቤት ብቻ አይደለም። የቆዩ የታሪክ ጽሑፎችን የሚተረጉም ሰው ያጋጥመዋል፤ ዛሬ ደግሞ የንግድና የሕግ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ሊያልፈው የማይችል ሆኗል።

በሰፊው ከሚታወቀው ምስክር እንነሣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች በረሃ አቋርጠው ሲጓዙ ስለሚይዙት ስንቅ ይናገራል። እንደ እርሱ አባባል ቡናው ተቆልቶ ይደቅቃል፤ ከቅቤ ጋር ይለወሳል፤ የቢሊያርዶ ኳስ በሚያህል መጠን ይድቦለቦልና በቆዳ ከረጢት ይያዛል። አንዱ ድቡልቡል አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ ያቆመዋል፤ ሆድን ከመሙላቱም በላይ መንፈስን ያነቃቃል ይላል። ብሩስ ይህን ያዩ ሰዎች ነግረውት ይሁን ራሱ አይቶ ለጽሑፋችን ዓላማ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ዋናው ነገር ቡናው በውሃ ፈልቶ እንደ መጠጥ ሳይሆን ከስብ ጋር ተለውሶ እንደ ምግብ መቅረቡ ነው።

ይህን ምንባብ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በሁለት ቦታ ይሰናከላል። የመጀመሪያው የሕዝቡ ስም ነው። ብሩስ የሚጠቀምበት ስም በዘመኑ በውጭ ጸሐፊዎችም በአገር ውስጥ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችም ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ራሱን የማይጠራበት፣ የሚጸየፈውም ስም ነው። በትርጉሙ አካል ውስጥ «ኦሮሞ» ብሎ ማስገባት፣ የጥንቱን አጠራር ማወቅ ለጥናቱ የግድ ሲሆን ብቻ በኅዳግ ማመልከት ተገቢ ነው እንላለን። ሁለተኛው መሰናክል ድቡልቡሉ ነው። «ኳስ» ቢባል መጫወቻ ይመስላል፤ «እንክብል» ቢባል አንባቢ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ «ድቡልቡል» ደግሞ ቅርጽ እንጂ ምግብ አይደለም። አማርኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው። በሶ በውሃ ወይም በቅቤ ታሽቶ በጭብጥ ልክ ሲጠቀለል «ጭብጦ» ይባላል፤ ጭብጦ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ሲለወስም «ጭኮ» የሚለውን ቃል አማርኛ ተናጋሪው ከአርሲና ከባሌ ወስዶ ሲጠቀምበት ቆይቷል። እንግዲህ ብሩስ የገለጸው ስንቅ «የቡና ጭብጦ» ቢባል መጠኑም፣ አሠራሩም፣ የስንቅነቱ ጠባይም በአንድ ቃል ይመለሳል። የውጭው ጸሐፊ የቢሊያርዶ ኳስ ያለው ለራሱ አንባቢ እንዲገባው ነው፤ ለእኛ አንባቢ የቢሊያርዶ ኳስ ከጭብጦ የቀረበ ሊሆን አይችልም።

ብሩስ ከጻፈው ጋር የሚቀራረብ፣ ዛሬም ያልጠፋ ምግብ በቦረና፣ በጉጂና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ አለ፤ በኦሮምኛ «ቡና ቀላ» ይባላል። አሠራሩ ከጭብጦው ይለያል። እዚህ ቡናው አይደቅቅም፤ የደረቀው ፍሬ ከነሽፋኑ፣ ማለትም ነጋዴ «ጀንፈል» የሚለው፣ ጫፉ በጥርስ ይነከስና በቅቤ ውስጥ ይጠበሳል። ጫፉ የሚነከሰው ቅቤው ወደ ውስጥ እንዲገባና ፍሬው በእሳት ላይ እንዳይፈነዳ ነው። ፍሬው ይበላል፤ የቀረው ቅቤ ይቀመሳል፣ ይቀባልም፤ በአንዳንድ ቤት ወተት ይጨመርበታል፤ የተቆላ ገብስ የሚቀላቅሉም አሉ። ይህ ምግብ የዘወትር ቁርስ ከመሆኑ ይልቅ የምርቃትና የጸሎት ማዕድ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚመርቁት ቡናው በቅቤ ውስጥ እየተንጣጣ ነው።

ስሙ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከባድ ፈተና ነው። በኦሮምኛ ግሡ «ማረድ» ማለት ነው፤ ስለዚህ «ቡና ቀላ» ቃል በቃል «የቡና ዕርድ» ይሆናል። በጥርስ የተነከሰው ፍሬ እንደ ታረደ ከብት ይቆጠራል፤ ማዕዱም የመሥዋዕት ማዕድ ነው። አሁን ይኸው ስም በአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚሆን እንመልከት። «ቀላ» በአማርኛ ቀይ ሆነ ማለት ነው፤ «ቡና ቀላ» ደግሞ ስለ እሸቱ ቡና መድረስ የተነገረ ፍጹም ትክክለኛ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ትንሽ ቢስት «ቡና ቆላ» ብሎ ይሰማዋል፤ ይህም ፍቺ አለው፤ ነገሩም ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ የማያጠራጥር ይመስላል። ሁለቱም ግን ስሕተት ናቸው። የኦሮምኛው «ላ» ይላላል፣ የአማርኛው ይጠብቃል፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ተርጓሚውን አያስጠነቅቀውም። የሚያስገርመው፣ አማርኛ «አንገቱን ቀላው» በሚለው አነጋገር ውስጥ መቁረጥን የሚያመለክት ሌላ «ቀላ» ማኖሩ ነው። ሁለቱ ግሦች ዝምድና አላቸው ወይስ እንዲያው ተገጣጠሙ የሚለውን ለሥርወ ቃል ጥናት እንተወው፤ ለተርጓሚ ግን ማስታወሻነቱ ጥሩ ነው፤ «ቡና ቀላ» የሚለውን ሲያነብ ቀለምን ሳይሆን አንገትን ያስብ።

ፍቺውን በአማርኛ «በቅቤ የተጠበሰ ቡና» ብለን ልንሰጥ እንችላለን። ግሡን የምንመርጠው ተጠንቅቀን ነው፤ «ቆላ» ያለ ስብ በደረቅ ምጣድ የሚሠራውን ሲያመለክት፣ «አቁላላ» ለሽንኩርትና ለወጥ መነሻ ይቀርባል፤ «ጠበሰ» ግን ቅቤውንም እሳቱንም ይይዛል። ነገር ግን ይህ ፍቺ እንጂ ስም አይደለም። «በቅቤ የተጠበሰ ቡና» የሚለው ሐረግ ዕርዱን፣ ምርቃቱን፣ ማዕዱን አይናገርም። ስለዚህ መሪ ቃሉ «ቡና ቀላ» ሆኖ መግባት አለበት፤ በቅንፍም ኦሮምኛ መሆኑና መላላቱ ይመልከት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቡና ከዚህ አገር ጫካ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ ለሚጠጣው ቡና ይህን ያህል ብዙ ቃል ሲኖረው ለሚበላው ለምን ከጎረቤት ቋንቋ ይዋሳል? መልሱ ከቃላቱ አመጣጥ ውስጥ የሚገኝ ይመስለናል። የቡና አፈላል ቃሎቻችንን አንድ በአንድ ብንመረምር ብዙዎቹ ፊታቸው ወደ ቀይ ባሕር ነው። «በረካ» የዓረብኛው በረከት መሆኑ ግልጽ ነው፤ «አቦል»ና «ቶና»ም አንደኛና ሁለተኛ ከሚሉት የዓረብኛ ቃላት እንደ መጡ ይነገራል። «ሲኒ» በዓረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ የሸክላው ዕቃ ከመጣበት አገር ስሙን ወሰደ። «ፍንጃል»ም ዓረብኛ ነው። «ጀበና» በሱዳንም የሚታወቅ ቃል ነው። በአንጻሩ «ቡና» ራሱ በዓረብኛ «ቡን»፣ በኦሮምኛ «ቡና»፣ በከፍኛ «ቡኖ» እየተባለ ከባሕሩ ወዲህም ወዲያም ይገኛል።

የታሪኩ ቅደም ተከተል ከዚህ ጋር ይስማማል። በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ የሚኖረው ክርስቲያን ሕዝብ ቡናን ለረጅም ዘመን የሙስሊሞችና የሌላ እምነት ተከታዮች ልማድ አድርጎ ይርቀው ነበር። ይህ አመለካከት የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ወደ አማርኛ ተናጋሪው ቤት የገባው ቡና በገበያና በከተማ በኩል የመጣው፣ በጀበና የሚፈላው ቡና ነበር። መጠጡ ከነዕቃው፣ ከነሥርዓቱ፣ ከነቃሉ ገባ፤ ምግቡ ግን በየአገሩ ቀረ። ለዚህ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ብንገምት የምንሳሳት አይመስለንም፤ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ፍስክ ነው፤ ብዙ የጾም ቀን ባለው አቆጣጠር ውስጥ የዘወትር ነገር ሊሆን አይችልም፤ በውሃ የፈላው ቡና ግን ከቅቤ ነጻ ነው። ቅቤና ጨው ጨምሮ ቡና መጠጣት በጉራጌም በሌላም ገጠር መኖሩ እውነት ነው፤ ይህ ግን አሁንም መጠጥ ነው፤ ቅቤው ማጣፈጫ ሆኗል።

አማርኛ ቡናን ከምግብ ዘርፍ አውጥቶ ማስቀመጡን የሚያሳይ አንድ ትንሽ ምስክር በየቤቱ አለ፤ «የቡና ቁርስ» የሚለው አጠራር ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎ ወይም ዳቦ ይቀርባል፤ ይህም የቡናው ቁርስ ይባላል። ቡናው ራሱ ምግብ ቢሆን ኖሮ ቁርስ ባላስፈለገው ነበር። (ነገሩ በሌላው ዓለም ተገልብጦ ይገኛል። ካካዎ በመካከለኛው አሜሪካ ለረጅም ዘመን መጠጥ ነበር፤ የሚነከስ ቸኮላት በእንግሊዝ አገር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ሻይን ደግሞ ከፈላ ውሃ ውጭ አናስበውም፤ የበርማ ሰዎች ግን ቅጠሉን አብላልተው፣ በዘይትና በለውዝ ለውሰው ይበሉታል።)

ዓረብኛ ፍሬውንና መጠጡን በሁለት ቃል መለየቱ ከአማርኛ የተሻለ ዕድል ሰጥቶታል፤ ፍሬው «ቡን»፣ መጠጡ «ቃህዋ» ነው። ቃህዋ ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር። የአውሮፓ ቋንቋዎች የቡና መጠሪያ በቱርክኛ በኩል ከዚሁ ከቃህዋ መውጣቱን አብዛኞቹ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ይቀበላሉ፤ «ከፋ» ከሚለው የአገር ስም ወጣ የሚለው በእኛ ዘንድ የተወደደ አባባል ግን ከመመሳሰል በላይ ማስረጃ ስለሌለው በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንደ እርግጠኛ ነገር ሊገባ አይገባም። የከፋ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ዛፉ ከዚያ አካባቢ ጫካ መሆኑ ከቃል ሥር የጠነከረ ምስክር ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አራቢካ» ብሎ የሰየመው አውሮፓ ፍሬውን በየመን በኩል ስላወቀው ነው።

ስለ ቃህዋ እ.ኤ.አ. በ1558 ሰፊ ድርሳን የጻፈው ዓብደልቃድር አልጀዚሪ ለእኛ ጉዳይ ጠቃሚ ነገር ይነግረናል። በእርሱ ዘመን ሁለት ዓይነት ቃህዋ ነበር፤ አንዱ ከቡኑ ፍሬ፣ ሌላው ከሽፋኑ ብቻ የሚፈላ ሲሆን የኋለኛው ስሙን ያገኘው «ቅሽር» ከሚለው ቃል ነው። ከሁለቱም በፊት ደግሞ በየመን ቃህዋ ይባል የነበረው ከጫት ቅጠል የሚፈላ መጠጥ እንደ ነበረ፣ ጫቱ ሲታጣ ቡና እንደ ተተካበት ይተርካል። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ዛሬ ቡናን የሚጠራበት ቃል አንድ ጊዜ የጫት ፍል ስም ነበር ማለት ነው። የመካከለኛውን ዘመን የዓረብኛ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው «ቃህዋ»ን ባየበት ሁሉ «ቡና» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቆም ማለት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ጫትን ካነሣን፣ የአማርኛው ግሥ ከውጭው አገር ግሥ ይልቅ ብዙ የሚናገርበት ቦታ ነውና ጥቂት እንቆይበት። የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ14ኛው መቶ ዓመት የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ይጽፋል፤ በዚያው መቶ ዓመት የነበረው ዓረባዊው አልዑመሪም ቅጠሉ በኢትዮጵያ እንደሚበላ፣ አእምሮን እንደሚያነቃ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ይተርካል። ሁለቱ ከተጻፉ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የተክሉን የላቲን ስም ያወጡት ሊቃውንትም ይህን አልሳቱም፤ «ካታ» የሚለው ስም በየመን እ.ኤ.አ. በ1763 በሞተው በፎርስኮል ጽሑፍ በ1775 ታተመ፤ በኋላ የተጨመረው «ኤዱሊስ» ደግሞ «የሚበላ» ማለት ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ግን ስለ ጫት ሲጽፉ በብዛት «ማኘክ» የሚለውን ግሥ ይመርጣሉ፤ የእኛም ተርጓሚዎች «ጫት ማኘክ» እያሉ ይመልሱታል። አማርኛ እንዲህ አይልም። አማርኛ «ቃመ» ይላል፤ ይህም ቆሎን፣ በሶን፣ ስኳርን በእጅ ዘግኖ ወደ አፍ መጣል የሚባልበት ግሥ ነው። ግሡ ጫትን ከቆሎ ጎን አስቀምጦታል። በሐረር ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ቅጠሉን በሙቀጫ አስወቅጠው ይቅሙታል፤ እዚህ ማኘክ የለም፣ መቃም ግን አለ፤ ስለዚህ «ማኘክ» ትርጉሙ የጎደለ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ሐሰት ይሆናል።

ቅጠሉ ደርቆ ሲፈላ ደግሞ ግሡ «ጠጣ» ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስም ለዚህ ልዩነት ድጋፍ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩስ ቅጠል የተለየው ካቲኖን ብርቱ አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ግን በሁለት ቀን ገደማ አብዛኛው ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ቀንበጡን የሚቅመው ሰው «ምርቃና» የሚለው ሁኔታ ከፍሉ እምብዛም አይገኝም። «ቀንበጥ»፣ «ገራባ»፣ «ምርቃና»፣ «ጨብሲ» የሚሉት ቃላት በአንድነት የሚሰጡት መግለጫ ከብዙ የውጭ ቋንቋ የበለጸገ ነው፤ የመንገድ አነጋገር ናቸው ተብለው ከመዝገብ ውጭ ሊቀሩ አይገባም።

ወደ ቡና እንመለስ፤ ከፍሬው ይልቅ ቅጠሉ የሚሠራበት ሌላ የምግብ ዘርፍ አለና። በሐረርጌ የደረቀ የቡና ቅጠል በምጣድ ይታመስና ይፈላል፤ ጨው ወይም ስኳር፣ አንዳንዴም ወተት ይጨመርበታል፤ ስሙ «ቁጢ» ነው። ወተትና ጨው የገባበት፣ ከቡናው ሽፋን የሚፈላው ደግሞ «ሆጃ» ይባላል። በደቡብ ምዕራብ፣ በቤንች፣ በሸካና በአካባቢያቸው እርጥቡ ወይም የታመሰው የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከበርበሬ፣ ከጤና አዳምና ከሌላ መዓዛማ ቅጠል ጋር ተወቅጦ በጨው ይፈላል፤ «ጨሞ» ይሉታል፤ ከምግብ ጋር የሚቀርብ እንጂ እንደ ከተማው ቡና ከምግብ በኋላ የሚጠበቅ አይደለም። ጨሞን የቀመሰ ሰው ከቡና ይልቅ ወደ መረቅ የቀረበ ነው ቢል አይፈረድበትም። በእነዚህ ሁሉ ላይ «የቡና ቅጠል ሻይ» የሚል ስም መለጠፍ አሁን እየተለመደ ነው። ሻይ የሌላ ተክል ስም ነው፤ ለገላጭነት ካልሆነ በቀር ቁጢንና ጨሞን በአንድ የውሰት ስም መጨፍለቅ ያለንን መጣል ነው።

ቁጢን በሚመለከት አንድ የጽሕፈት ጉዳይም አለ። የውጭ ጸሐፊዎች ፊደላቸው «ቀ»ንና «ጠ»ን ስለማይለይ ቃሉን በልዝብ ድምፅ ይጽፉታል፤ የእኛ ሰው ከዚያ ሲገለብጥ «ኩቲ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ቃል ከቤቱ ወጥቶ ስሙ ተለውጦ የተመለሰ ልጅ ነው፤ ሐረርጌ ላይ «ኩቲ» ብሎ ቢጠይቅ የሚያውቀው አያገኝም። ከውጭ ቋንቋ የአገር ውስጥ ቃል የሚመልስ ተርጓሚ ድምፁን ከተናጋሪው እንጂ ከገጹ አይውሰድ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «ቅሽር» ነው። በዓረብኛ ቅሽር ልጣጭ፣ ሽፋን ማለት ነው፤ የመን ውስጥ ሽፋኑ ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው መጠጥም በዚሁ ስም ይጠራል። በእኛ የቡና ንግድ ውስጥ ግን «ቅሽር ቡና» የሚባለው ሽፋኑ የተወገደለት ንጹሕ ፍሬ ነው፤ ሽፋኑ ያልወጣለት «ጀንፈል»፣ ከዛፉ የተለቀመው ቀይ ፍሬ «እሸት» ነው። አንዱ ቃል ባሕሩን ሲሻገር ከሽፋኑ ወደ ተሸፈነው ዞሯል። የየመንን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው «ቅሽር»ን በነበረበት ቢተወው የአዲስ አበባ ነጋዴ በትክክል ተቃራኒውን ይረዳል፤ «የቡና ገለፈት» ብሎ መመለስ ይኖርበታል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ከቅርብ ጊዜ የሕግ ሰነድ ማየት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የቡና ቅጠል ፍልን፣ በ2022 ደግሞ የደረቀውን የቡና ፍሬ ሽፋን በገበያው እንዲሸጡ ሲፈቅድ ሁለቱንም ያስገባቸው ከኅብረቱ ውጭ ባሉ አገሮች የሚታወቅ ባህላዊ ምግብ በሚል ክፍል ነው። ወደዚህ ክፍል ለመግባት ምግቡ ከኅብረቱ ውጭ በሆነ አገር ቢያንስ ለ25 ዓመት በደኅና ሲበላ ወይም ሲጠጣ መኖሩ መታየት አለበት። ማለትም የአንድ መንደር ማዕድ ልማድ በሰነድ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በዚሁ ጊዜ ሽፋኑ በዓለም ገበያ የሚታወቅበት ስም «ካስካራ» ሆኗል፤ ይህም የስጳኝኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ከገለፈት አይበልጥም። ካስካራ በአዲስ አበባ ማሸጊያ ላይም ሲጻፍ አይተናል። ገዢው በዚህ ስም ካወቀው ለላኪው በውጭው ዕቃ ላይ መጻፉ አያስነቅፍም፤ በአማርኛው ገጽ ላይ ግን «የቡና ገለፈት» ወይም፣ እንደ ተዘጋጀበት ሁኔታ፣ «ሆጃ» መሆን አለበት። ምግብ ነው ብለን የምንመሰክርለት ነገር በራሳችን መዝገብ ስም ከሌለው ምስክርነታችን ይደክማል።

አጠቃላይ ስያሜውንም ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ቡናን፣ ጫትን፣ ሻይን በአንድነት ለመጥራት «አነቃቂ» የሚለው ቅጽል ተስማሚ ነው፤ ችግሩ ከሚከተለው ስም ላይ ነው። «ዕፅ» በግእዝ ዛፍ፣ እንጨት፣ ተክል ማለት ሲሆን ዛሬ በአማርኛ «አደንዛዥ ዕፅ» ከሚለው የሕግ ሐረግ የተነሣ ነጠላው ወደ ወንጀል መዝገብ ተጎትቷል፤ ብዙው «ዕፅዋት» ግን በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ውስጥ በንጽሕና ቀርቷል። አንድ ቃል በነጠላና በብዙ ቁጥር እንዲህ ሲለያይ ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በዚህ ምክንያት ስለ ምግብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው «አነቃቂ ዕፅ» ከማለት ይልቅ «አነቃቂ ተክል»፣ በብዙ ሲሆን «አነቃቂ ዕፅዋት» ቢል አያቱ በቅቤ የጠበሱትን ቡና ፖሊስ ፊት አያቀርብም። ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር «ካፌይን» ተብሎ ተለምዷልና አዲስ ቃል አያስፈልገውም፤ በአራቢካ ፍሬ ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ 1.2 ከመቶ ገደማ ነው፤ ፍሬውን በሙሉ የሚበላ ሰው ዝቃጩን ትቶ ውሃውን ብቻ ከሚጠጣው ሰው በተለየ መንገድ ያገኘዋል። ብሩስ ስለ ዘማቾቹ ብርታት የጻፈው ከቅቤው ኃይል ሰጪነት ጋር ተዳምሮ ሲታይ የተጋነነ አይመስልም።

በመጨረሻ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው አቀራረብ ይህን ይመስላል። «ቡና» በሚለው መሪ ቃል ሥር ከዛፉ፣ ከፍሬውና ከመጠጡ ቀጥሎ «በቅቤ ተጠብሶ ወይም ደቅቆ ተለውሶ የሚበላ ምግብ» የሚል ራሱን የቻለ ፍቺ ይግባ፤ ከዚያም ወደ «ቡና ቀላ» እና ወደ «ጭብጦ» ይመራ። «ጭብጦ» ሥር «በተለይ ከበሶ» የሚለው ይቆይና «ከቡናና ከቅቤም» ይጨመር። «ቁጢ» (ሐረርጌ)፣ «ሆጃ» (ሐረርጌ)፣ «ጨሞ» (ደቡብ ምዕራብ) ራሳቸውን የቻሉ መሪ ቃላት ይሁኑ፤ አገራቸውም በቅንፍ ይመልከት። «ቅሽር» ሁለት ፍቺ ይሰጠው፤ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ንግድ፣ ሁለተኛው «በየመን፣ የቡና ገለፈትና ከእርሱ የሚፈላ መጠጥ» ይሁን።